የደረት ክንፍ

ሁለቱ ወንድማማቾች የአጉሊን በር በርግደው ሲገቡ ታናሽየው የታላቅየውን ኮሌታ ጨምድዶ ይዞ ነበር። የታላቅየው የሸሚዝ ቁልፎች ተበጥሰዋል፣ የታችኛው ከንፈሩ አብጦ ተንጠልጥሏል። እንደዚያም ሆኖ፣ እየተጎተተ፣ ጫማውን በሩ ላይ ባለው ምንጣፍ ሊጠርግ ሞከረ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ታላቅየው ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ድምፁ ከጉሮሮው የማያልፍ ሰው ነው። ታናሽየው አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል፤ ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ ከሰው ገላ ላይ የሚመታውን ቦታ የሚመርጥ ይመስላል።

አጉሊ ቀና ብሎ አላያቸውም። የዚህን ሰውዬ ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብረት እንጂ ሰው አያይም።

አጉሊ የወጣለት ስም ነው። አጉሊ መነጽሩ ከዓይኑ ጉድጓድ ስለማይወጣ ሰፈሩም ደንበኛውም እንደዚያ ይለዋል፣ የገዛ እህቱ ሳትቀር። ሥራው የድሮ ወታደር አብራሪዎች በግራ ደረታቸው ላይ ይሰኩት የነበረውን የብር ክንፍ መመርመር ነው። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ክንፉን ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱ አይቶ እውነተኛ ነው ወይም ፎርጅድ ነው ይላል። «አጉሊ ካየው ወዲያ ይግባኝ የለም» ይባላል በመካከላቸው።

ሰብሳቢዎቹን የማያውቅ ሰው ጨዋ ይላቸው ይሆናል። ከረባት ያስራሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ክንፎቻቸውን በከፋይ ጨርቅ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ያቅፋሉ። አብዛኞቹ እንኳን አውሮፕላን ሊያበሩ በረንዳ ላይ ሲቆሙ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ግን ከመካከላቸው አንዱን «ይቺ ክንፍህ ፎርጅድ ናት» በለውና ጨዋነቱን ታያለህ። አንዱ ነጋዴ የአጉሊን አፍንጫ በጠረጴዛ መብራት ሰብሮታል። ሌላው፣ ያውም ጡረታ የወጣ የሕግ መምህር፣ የአጉሊን ጣቶች መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ መሳቢያውን በእርግጫ ዘግቶበታል። ዛሬም ብርድ ሲሆን ጣቶቹ አይታጠፉለትም።

አጉሊ ከዚህ ሁሉ ዱላ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድሮ ምክንያቱን አስቀድሞ ነበር የሚያስረዳው፤ ብሩ እንዲህ ስለሆነ፣ መርፌው እንዲያ ስለሆነ እያለ። ሰብሳቢ ደግሞ ምክንያት ሲሰማ ለክርክር የተጋበዘ ይመስለዋል። በየቃሉ መሃል እየገባ ይጮሃል፤ ገና ፍርዱ ላይ ሳይደረስ ጠረጴዛ ይገለበጣል። ስለዚህ አጉሊ ቅደም ተከተሉን ለወጠው። መጀመሪያ ፍርዱ፣ በአንዲት ቃል። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ተረጋግቶ ይወለውላል። ሰውዬው ይደነዝዛል፣ ይቀመጣል፣ ላቡን ይጠርጋል። ምክንያቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ዘዴው ይኮራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያቺን የጸጥታ ጊዜ ይወዳት ነበር፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ የእሱን አፍ የሚጠብቅበት ሌላ ቦታ በኑሮው አልነበረውም።

«ጋሼ፣ እንደዚህ ሆነን በመግባታችን ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ታላቅየው።

«ይቅርታህን ለራስህ አድርገው፣ አንተ ሌባ!» ታናሽየው ኮሌታውን ለቆ ጀርባውን በመዳፉ ሲያጮለው ታላቅየው በደረቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። የአጉሊ ትንሽ ሚዛን ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተከሰከሰች።

«ቀስ በሉ እንጂ!» አለ አጉሊ። የተቆረቆረው ለሚዛኗ ነበር።

ታናሽየው ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከመዳፍ ስፋት የማይበልጥ ክንፍ ነው፤ መሃሉ ላይ በቅጠል ጉንጉን የተከበበ ኮከብ አለው።

«የአባቴ ነው» አለ። «አባቴ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ወንድ ነበር ጋሼ! በቀበቶ ነው ያሳደገን፣ የአብራሪ ልጅ አያለቅስም እያለ። ባለፈው ዓመት ሲሞት ክንፉ እዚህ ሰውዬ ቤት ቀረ። ትናንት ተቀብዬው ሰብሳቢዎቹ ክበብ ወሰድኩት፣ ይዩልኝ ብዬ፣ ልኮራበት። አንዱ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። መጫወቻ ነው አለኝ። መንጋጋውን አወለቅኩለት። ወድቆም ረገጥኩት። ግን ጋሼ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዝም አሉ። የሳቀው አንዱ ነው፣ ዝም ያሉት ግን ሁሉም ናቸው። ያኔ ገባኝ። ይሄ ሌባ የአባቴን ክንፍ ሸጦ በቦታው ፎርጅድ አስቀምጧል!»

«አልሸጥኩም» አለ ታላቅየው። ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ። «ከሬሳው ደረት ላይ በእጄ ነው የነቀልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቁም ሳጥኔ ወጥቶ አያውቅም። ወደ እርስዎ እንምጣ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እሱማ ልጆቼ ፊት ሊጨርሰኝ ነበር።» ወደ ወንድሙ ዞረ። «እሳቸው እውነተኛ ነው ካሉ ሚስቴና ልጆቼ ባሉበት ይቅርታ ትጠይቀኛለህ።»

«ፎርጅድ ነው ካሉስ?»

«አይሉም።»

«ካሉስ ነው እኮ የምልህ!»

ታላቅየው ያበጠ ከንፈሩን እንደምንም ወደ ፈገግታ ወሰደው። የንጹሕ ሰው ድፍረት ነበር፤ እንደሱ ያለ ሞኝ ድፍረት ደግሞ የለም። «ካሉ የፈለግከውን አድርገኝ» አለ።

ይህን የሰማ ጤነኛ ሰው ሥራውን ትቶ በመሃላቸው ይቆም ነበር። ወይም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ዘበኛ ይጠራ ነበር። አጉሊ ግን ክንፉን አንስቶ ገልብጦታል፤ ክንፍ ከገለበጠ በኋላ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ይላል ሁልጊዜ። የክንፍ ፊት ሰው ያየዋል ተብሎ ስለሚሠራ አጭበርባሪም ይጠበብበታል፤ ጀርባው ላይ ግን ይሰንፋል።

ጀርባው ወዲያው ተናዘዘ። እውነተኛ ክንፍ ከብር ዝርግ ላይ በከባድ ማተሚያ ተመትቶ ነው የሚወጣው፤ የላባው መስመር እንደ ቢላ ስለት ጥርት ያለ ይሆናል። ይሄኛው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ አረፋው የተወው ጠባሳ፣ በመርፌ የተወጋ ያህል ደቃቅ፣ በላባዎቹ መሃል ተዘርቷል። መሰኪያውም የተበየደው በብር ሳይሆን ሽቦ በሚያያዝበት ተራ እርሳስ ነው።

ከዚያ ፊቱን ገለበጠውና አጉሊ ትንፋሹን ያዘ። አዲስ ፎርጅድ ያረጀ እንዲመስል አሲድ ውስጥ ይነከራል፣ በአሸዋ ይታሻል፤ ስለዚህ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም ቦታ እኩል ይቆስላል። ይሄ ግን የተበላው ከፍ ከፍ ያለው ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ጨርቅና እጅ ብቻ በሚያመጡት ልስላሴ። ጎድጓዳዎቹ ውስጥ የመወልወያ ዱቄት በላይ በላዩ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ማንም ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሊያስረጀው አይችልም። ክንፉ ፎርጅድ ነው፤ ፎርጅድ የሆነው ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ገና ዳዴ ሲሉ ነው። የለወጠው ሰው የለም። አባትየው ራሱ ዕድሜ ልኩን ደረቱ ላይ የሰካው ይሄንኑ ነው። አብራሪ የሆነ ሰው ክንፉ ቢጠፋበት ሌላ ይሰጡታል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይሰካም። አባትየው አብራሪ አልነበረም።

አጉሊ ደስ አለው። አዎ፣ ደስ ነው ያለው፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ውሸት በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው። በሆዱ ንግግሩን ማሰናዳት ጀመረ። መጀመሪያ አረፋውን ያሳያቸዋል፣ ቀጥሎ እርሳሱን፣ በመጨረሻ ልስላሴውን። ታላቅየው ነጻ ይወጣል፣ ታናሽየው አንገቱን ይደፋል፣ እሱም እንደ ሁልጊዜው ይደነቃል። እንደ ልማዱ ግን ፍርዱ ይቅደም።

«ፎርጅድ ነው» አለ።

አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ።

የመጀመሪያው ምት ሲሰማ ገና ሸሚዙን እያየ ነበር። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተጣመመ መርፌ የሚያቃናባት ትንሽ መስፍ ነበረችው፤ ድፍን ብረት ናት። ታናሽየው በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ የወንድሙን ጆሮ ግንድ መታበት። ታላቅየው አልጮኸም። ፈገግታው ገና ከፊቱ ሳይጠፋ እጁን አነሳ፣ ሊከላከል ሳይሆን አንድ ነገር ሊናገር ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል። ሁለተኛው ምት የዚያን እጅ ጣቶች ከግንባሩ ጋር አብሮ ጨፈለቀ። ወደ ኋላው ሲወድቅ ግድግዳው ሥር የቆመውን የክንፍ ማሳያ የመስታወት ሣጥን ይዞ ወደቀ፤ ስባሪው ከላይ ዘነበበት። ታናሽየው ደረቱ ላይ ተንበረከከና ደገመው፣ ደጋገመው። «የአባቴን! የአባቴን ክንፍ!» እያለ ነበር የሚመታው። ደሙ የአጉሊን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ነካ።

«ቆይ! አልጨረስኩም!» አለ አጉሊ። ከአፉ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነበር፣ ለራሱም አልተሰማው።

ታናሽየው መስፏን ጣላት። ተነስቶ ወደ አጉሊ ሲመጣ፣ አጉሊ ተራው የእሱ መሰለው። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ሽንቱ አመለጠው። ታናሽየው ግን ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለው። «እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ሌባ አታሎኝ ይቀር ነበር።»

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጆቹን በመሐረቡ ይጠራርግ ጀመር።

ወለሉ ላይ ታላቅየው ገና አልሞተም። አንዱ ዓይኑ ተደፍኗል፣ በሌላው ግን አጉሊን ያየዋል። አጉሊም አየው። ስንት ዓመት በዚያ ክፍል ሲቀመጥ የደንበኛ ዓይን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

«ጋሼ» አለ ሰውዬው በደም አረፋ መሃል። «ይንገሩት።»

ነገሩ ይሄው ነበር። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር፤ አልለወጠውም፣ የአባታችሁ ነው ማለት ብቻ። የሚሰማው ሰው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። አጉሊ ግን መስፏን አየ፣ የታናሽየውን እጅ አየ፣ አባትህ ውሸታም ነበር ሲባል ያ እጅ የት እንደሚያርፍ አሰበ። አፉን ዘጋ። ታላቅየው እስትንፋሱ እስኪያልቅ ድረስ በዚያች አንድ ዓይኑ ጠበቀው።

የሕንጻው ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ ደረጃውን የወጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፖሊሶቹም ከእሱ ብዙ አልፈጠኑም። ታናሽየው ሲያስሩት እጁን ራሱ ዘረጋላቸው፤ ሲወጣም ሬሳውን ተሻግሮ ወጣ።

በጣቢያው አጉሊ የተጠየቀውን መለሰ። ሲመታው አይተሃል ሲሉት አይቻለሁ አለ። ክንፉ ፎርጅድ ነበር ወይ ሲሉት ፎርጅድ ነበር አለ። ያልተጠየቀውን አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሟች ሞቷል፣ ገዳይ ታስሯል፣ አሮጌ ውሸት መቆፈር ለማን ይበጃል? ይህ አፉ የሚለው ነው። ሆዱ የሚያውቀው ሌላ ነበር። የታናሽየው ጓደኞች የሕንጻው በር ላይ ቆመው ሲወጣ ሲገባ ያዩታል፤ አንደኛው እንዲያውም ትከሻውን አጥንቱ እስኪያመው ጨምቆ «ጥሩ ተናግረዋል ጋሼ፣ በዚያው ይጽኑ» ብሎታል። ከዚህም የባሰ ነገር ነበረው። የቀረውን ቢናገር የሚሰማው ሁሉ «ታዲያ ምነው ቀድመህ ብትል?» ይለዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሰብሳቢዎቹ ግን ወደዱት። ዝናው ጨመረ። «አጉሊ ከሚያይህ ጥይት ቢያይህ ይሻላል» እያሉ ይሳሳቁ ነበር ደረጃው ላይ፣ ከፋያቸውን አቅፈው፣ ደሙ ተጠርጎ ያላለቀበትን ወለል በጫማቸው ጫፍ እየዘለሉ። አጉሊ ክንፍ ሲያነሳ ይጥል ጀመር። እነሱ ግን የእርጅና ነው አሉ።

ወሬው በየሰፈሩ ተዳረሰ። ሟቹ የገዛ አባቱን ክንፍ የሸጠ ሌባ ተባለ፣ ገዳዩ ደግሞ የአባቱን ክብር ያስመለሰ ወንድ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የሟቹ ቤተሰብ የሰማው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በድንጋይ። የሳሎኑ መስኮት ተሰበረ። ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «የሌባ ልጅ» እያሉ ከግንብ ጋር አላትመው የፊት ጥርሷን አወለቁባት። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለቅስ ጀመር፤ ለሌባ ማልቀስ አሳፍሮት።

የሟቹ ሚስት ወደ አጉሊ ክፍል የመጣችው በዚህ መሃል ነው። አጭር፣ ጥቁር የለበሰች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። «ደህና ዋሉ ጋሼ» ብላው፣ ተቀመጪ እስኪላት ቆመች። አጉሊ ተቀመጪ አላላትም። ወለሉን አየች፤ ታጥቦ ታጥቦ ያልለቀቀ ጥቁረት ነበረበት። በዙሪያው ዞራ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ባሌ ሌባ ነበር?»

«እኔ እኮ ልጄ የማየው ብረት ነው» አለ አጉሊ። «የሰውን ነገር ደግሞ...»

አላስጨረሰችውም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ በክንዷ ጠራርጋ ወለሉ ላይ ደፋችው፤ መብራቱን፣ ሞረዱን፣ የአሲዱን ብልቃጥ። አሲዱ ወለሉ ላይ እየተንጨሰጨሰ ጭስ አወጣ። ከዚያ በጥፊ አለችው፣ ደገመችው። አጉሊ መነጽሩ ከዓይኑ ወልቆ ተንከባለለ። ከረባቱን ጨምድዳ ፊቱን ወደ ፊቷ ሳበችው፤ ያ ሁሉ እርጋታ የት እንደገባ እንጃ።

«ብረት ነው የማየው ትለኛለህ፣ አንተ ሽማግሌ? እኔን እየኝ! የልጄን ጥርስ በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው! ባሌ ሌባ ነበር ወይ?»

«አልነበረም።»

«ምን አልክ?»

«አልነበረም። ክንፉ ፎርጅድ ነው፣ ግን አሮጌ ፎርጅድ ነው። አባትየው ራሱ ሲያደርገው የኖረው ነው። ባልሽ እጁ የለበትም።»

ከረባቱን አልለቀቀችም፤ ይልቁንም አጠበቀችው። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ያን ዕለት።»

«ባሌ ሳይሞት ነው ከሞተ በኋላ?»

አጉሊ ትንፋሽ አጥሮት ፊቱ ጠቆረ። መዋሸት ይችል ነበር። «ሳይሞት» አለ።

ከረባቱን ለቀቀችው። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፣ የተመታች ይመስል፤ አጉሊ ትወድቃለች ብሎ እጁን ሲዘረጋ በጥፍሯ ቧጠጠችው።

«ተነስ» አለችው ቀና ስትል። «ለኔ መንገርህ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ነው የምትነግረው። ፊቱ ላይ ነው የምትነግረው። ወንድሜን የገደልኩት ሌባ ስለሆነ ነው ብሎ ጠግቦ እየተኛ ነው።»

«ይገድለኛል።»

«ይግደልህ።»

በከረባቱ እየጎተተች በደረጃው አወረደችው። ዘበኛው «ኧረ እመቤት፣ ነውር ነው» ብሎ ሊገላግል ሲሞክር በክርኗ አፉን ብላው አለፈች። ሰው በየሱቁ በር ወጥቶ እያየ፣ አንዳንዱም እየሳቀ፣ ሽማግሌውን አስፋልት አቋርጣ ይዛው ሄደች። አጉሊ ሁለቴ ተደናቅፎ በጉልበቱ ወድቋል። አልቆመችለትም። እሱም፣ ይገርማል፣ ልትለቀው ብትፈልግ ኖሮ የሚያለቅስ ይመስለው ነበር።

መርማሪው ፖሊስ አዲሱን ቃል ሲሰማ እርሳሱን ወርውሮ ተሳደበ። «እስከ ዛሬ ምላስህን ድመት በልታው ነበር?» አለ። ቢሆንም ምስክርና ተከሳሽ ፊት ለፊት ማገናኘት ሥራው ነውና እስረኛውን አስጠራው።

ታናሽየው እጆቹ ከፊት በካቴና ታስረው፣ በሁለት ፖሊሶች መሃል ገባ። እንቅልፍ የጠገበ ይመስላል። አጉሊን ሲያይ ፊቱ በራ። የወንድሙን ሚስት ግን እንዳላየ አለፋት።

«ጋሼ! መጡልኝ? ይንገሯቸው እስቲ!»

አጉሊ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። «ወንድምህ ክንፉን አልለወጠውም» አለ። «አባታችሁ ዕድሜ ልኩን ያደረገው ይሄንኑ ነው። ፎርጅድ የነበረው ከመጀመሪያው ነው። አባትህ አብራሪ አልነበረም። ያን ቀን አውቄ ነበር፣ ሳልጨርስ...»

ታናሽየው ካቴናውም ፖሊሶቹም የሌሉ ያህል ተወረወረና በግንባሩ የአጉሊን ፊት መታው። አጥንት ሲሰበር የሁሉም ጆሮ ሰማው። አጉሊ ከኋላው የነበረውን ወንበር ይዞ ተገለበጠ፤ ታናሽየው ተከትሎት ወድቆ በጥርሱ ጉንጩን ያዘ። ፖሊሶቹ ጀርባውን፣ ኩላሊቱን፣ ጭኑን በዱላ ወቀጡት፤ አንደኛው ዱላ ተሰብሮ ስባሪው ጣሪያ ነካ። እየተወቀጠም ይጮህ ነበር። «ውሸታም! እሷ ናት የላከችህ! የአባቴን ስም!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጥርሱን የፈለቀቁት መርማሪው ፀጉሩን ይዞ ወደ ኋላ ሲነቅለው ነው።

አጉሊ ተነስቶ ተቀመጠ። አፍንጫው ወደ ጎን ዞሯል፣ ከጉንጩ ሥጋ ተንጠልጥሏል። የሟቹ ሚስት መሐረብ አልሰጠችውም።

«ክንፉን ስጡት» አለ አጉሊ። ደሙ አፉ ውስጥ እየገባ ነበር የሚናገረው። «ለኔ አይመን። የአንደኛው ክንፍ ጫፍ ከሌላው ቦታ ሁሉ የበለጠ ተበልቷል፤ ጎድጉዷል። ጨርቅ እንደዚያ አይበላም፣ የሰው ጣት ነው። የማን ጣት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እሱ ያውቅ ይሆናል።»

መርማሪው አመነታ። ከዚያ ኤግዚቢቱን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ላስቲኩን ቀድዶ፣ ክንፉን በታሰሩት እጆች ውስጥ አስቀመጠው።

ታናሽየው ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ተፋ። ክንፉን ሊወረውረው እጁን አንስቶ ነበር። አውራ ጣቱ ግን ማንም ሳያዘው ወደ ጫፉ ሄደ፣ ጎድጓዳዋ ላይ አረፈ፣ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አለ። ፖሊሶቹ ዱላቸውን እንዳነሱ ቆዩ።

«ቀበቶውን ሳይፈታ» አለ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። «ቀበቶውን ሳይፈታ በፊት እንዲህ ያደርግ ነበር። እኛ ጣቱን ነው የምናየው። እንዲህ እንዲህ ካደረገ መገረፍ አለ ማለት ነው። ወንድም ጋሼ ወዲያው ይነሳና ከፊቴ ይቆማል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አባባ፣ እሱ አይደለም ይላል። ምንም ባላጠፋን ቀንም።» ጣቱ አሁንም ይመላለሳል። «ሁሌ እሱን ነበር። እኔን ቀበቶው ነክቶኝ አያውቅም።»

ክንፉን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ይሄው ነው» አለ። «ይሄ ራሱ ነው። የአባባ ነው።»

ቀና አለና ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አየ፤ መርማሪውን፣ ፖሊሶቹን፣ ደም የለበሰውን ሽማግሌ። በሩን አየ።

«ወንድም ጋሼን ጥሩልኝ» አለ። «አንዴ ጥሩልኝ፣ እኔ ልንገረው።»

ፖሊሶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መልስ የሰጠችው የሟቹ ሚስት ናት።

«ሐሙስ ቀብረነዋል» አለችው።